ትግል ላይ ያለችው ልጄ

ሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ነበር፤ ጽጌ ገብቷል። እዚህ አገር ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ነው። ስትሪትሃም በሚባለው ሰፈራችን ያለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ሥር ቅጠሉ ይከመርና ዝናብ ሲመታው ያዳልጣል። አንድ ማክሰኞ ልጄ ከሥራ ገባች፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመችና፣ «እማ፣ ወደ ድርጅቱ ልመለስ ነው» አለችኝ።

«የትኛው ድርጅት?» አልኩ። የትኛው እንደሆነ አውቄአለሁ።

«የትግሉ።»

ጎመን እየከተፍኩ ነበር። መክተፌን አላቆምኩም።

«መቼ?»

«ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ።»

«እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩ። እሷም ጫማዋን አውልቃ ወደ ክፍሏ ገባች።

ድርጅቱ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ሃክኒ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ አሮጌ አዳራሽ አለ። በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይከራዩትና መሀሉ ላይ አራት ማዕዘን መድረክ ይተክላሉ፤ ዙሪያውን በገመድ ያጥሩታል። ሰው ቲኬት ቆርጦ ይገባል፤ ወጣት ወንዶችና ሴቶች እዚያ ላይ ወጥተው ይታገላሉ። ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው ዓይነት ነው፤ ግን ትንሽ ነው። የድርጅቱ ባለቤት ራሱ ወንበር ይደረድራል፣ ራሱ በር ላይ ቲኬት ይቆርጣል። ማን እንደሚያሸንፍ ለሚታገሉት ቀድሞ ይነገራቸዋል። ልጄ ይህን የነገረችኝ እንድጽናና ብላ ነበር። አልተጽናናሁም። አሸናፊው ቀድሞ ቢታወቅም፣ የሚወድቀው ሰው የሚወድቀው በገዛ ጀርባው ነው።

አራት ዓመት እዚያ ሠራች። ሥራ ነው የምትለው። በሳምንቱ ቀናት ፓርክ ሮያል በሚባል ሰፈር ሳንድዊች የሚያሽጉበት ፋብሪካ ትውላለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ትግል ወይም ልምምድ አለባት። እኔ አንድም ቀን ሄጄ አላየኋትም። አልከለከልኳትም፤ አባቷ ካረፈ በኋላ ቤቱን አብራኝ የተሸከመች ልጅ ናት፣ ምን ብዬ እከለክላታለሁ? ልብሷን አጥብላት ነበር። አረንጓዴና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ከመታጠቢያ ቤታችን ዘንግ ላይ ሲንጠለጠል እንግዳ እንዳያየው በሩን እዘጋለሁ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ እመቤቴን፣ «ከዚያ ቦታ አውጪልኝ» ብዬ እለምናለሁ።

ከአራት ዓመት በኋላ ወጣች። አወጣጧ እንዲህ ነበር። አንድ ቅዳሜ አብራት የምትሠራ ልጅን ትከሻዋ ላይ አነሳቻት። ማንሳቱ የተነጋገሩበት ነው፤ ብዙ ጊዜ ያደረጉት ነው። የዚያን ቀን ግን ልጅቷ ሳትዘጋጅ ነው ያነሳቻት። ከእጇ ተንሸራተተች፣ በትከሻዋ ወደቀች፤ ከአንገቷ ሥር ያለው አጥንት ተሰበረ። ልጄ ቤት ስትገባ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ሁለት ቀን አልበላችም። በሦስተኛው ቀን ለባለቤቱ ስልክ ደውላ፣ «አልመለስም» አለችው። ለልጅቷ ግን አልደወለችላትም።

ልመናዬ ተሰማ ማለት ነው። በሚቀጥለው እሑድ ምስጋና ላደርስ ጧፍ ገዝቼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ግን አላበራሁትም። የእኔን ልጅ ቤት ያስገባልኝ የሌላ እናት ልጅ አጥንት ነው። በዚያ ላይ ቆሜ ተመስገን ማለት አልሆነልኝም። ጧፉን በወረቀት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት። ሁለት ዓመት እዚያው ቆየ።

አሁን ስለ አባባ መናገር አለብኝ። ስማቸውን አልጠራም፤ እኛ ሁላችን አባባ ነው የምንላቸው። የአስመራ ሰው ናቸው፤ አማርኛን በተማሪ ቤት ተምረው ከብዙዎቻችን አሳምረው ይናገሩታል። ቤታቸው ከቤታችን አንድ መንገድ ዝቅ ብሎ ነው፤ እሑድ እሑድ በአንድ አውቶቡስ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። በአማርኛ መሀል እንግሊዝኛ የሚሰነቅር ሰው አይወዱም። «አፕላይ አድርጌአለሁ» ካልኳቸው፣ «አመልክቻለሁ በይ» ይሉኛል። «ቼክ ላድርግ» ስል፣ «ልመልከት» ይሉኛል። እኔም እሳቸው ፊት ቃል እየመረጥኩ እናገራለሁ።

ልጄ ገና እዚያ ስትሠራ ነው፤ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በመጣው ክረምት። አንድ እሑድ አውቶቡሱ ላይ፣ «ልጅሽን ካየኋት ቆየሁ፤ ደህና ናት?» አሉኝ።

ቅዳሜ ስትወድቅ ስለምትውል እሑድ መነሳት አትችልም ነበር። ሬስሊንግ እንዳልል አባባ ናቸው። አማርኛውን ፈለግሁና፣ «ትግል ላይ ናት» አልኳቸው።

የያዙትን ጋዜጣ አጠፉ። ዞር ብለው ኋላችንን አዩ። አውቶቡሱ ውስጥ አማርኛ የሚያውቅ አልነበረም።

«በየትኛው ድርጅት?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ትንሽ ነው፤ እርስዎ አያውቁትም።»

«ልክ ነሽ፣ አትንገሪኝ። ካላወቅሁ አላወራም።» ደግሞም፣ «ከጀመረች ቆየች?» አሉ።

«ሦስት ዓመት አልፏታል።»

«ሦስት ዓመት! ተጎድታ ታውቃለች?»

«ጉልበቷን። አንዴ ደግሞ ጥርሷን።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። እስክንወርድ ድረስ ጭናቸው ላይ ይዘውት ነበር።

ጨዋ ሰው ስለሆኑ ነው ብዬ አለፍኩት። ነገሩ የገባኝ ከሳምንታት በኋላ ነው። «ታጋይዋ እንዴት ሰነበተች?» ካሉኝ በኋላ፣ «ስልክ ላይ ብዙ አታውሩ፤ ስሟንም አትጥሪ» ብለው መከሩኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ውስጥ በዚያ ሰሞን ከምርጫውና ከትግሉ በቀር ወሬ አልነበረም፤ ሰዉ ሻይ የሚጠጣው እንኳ ጎራ ለይቶ ነበር። ማረም ነበረብኝ። ግን ምን ብዬ? ልጄ አረንጓዴ ቁምጣ ለብሳ ሃክኒ ውስጥ ሰው ትጥላለች ልበላቸው? የሚቀጥለው እሑድ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ቆየሁ። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው።

«አርሚ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

አላረምኩም። ልጄ ከድርጅቱ በወጣች ጊዜም አባባን «ለቀቀች» አልኳቸው።

«ተከፋፈሉ?» አሉኝ።

«አይ። ጓደኛዋን ጎዳች።»

«አስባበት ነው?»

«ሳታስበው ነው።»

መስኮት መስኮቱን አዩ። «እሱ ይብሳል» አሉ።

እንግዲህ ልጄ ልመለስ ነው ካለችኝ ማክሰኞ በኋላ ያለው እሑድ ደረሰ። ሳምንቱን ሙሉ አላወራንም። የሰማሁት ጥቂት ነው፤ ባለቤቱ ደውሎ ለምኗታል፤ አጥንቷ የተሰበረው ልጅ ድና ወደ ሥራዋ ከተመለሰች ቆይታለች፤ ባለቤቱ ሁለቱን ማጋጠም ይፈልጋል፤ ልጄ ግን «ከሌላ ከማንም ጋር ቡክ አድርገኝ፣ ከእሷ ጋር ብቻ አታድርገኝ» ብላዋለች። አውቶቡሱ ላይ አባባ ጎን ተቀመጥኩ። የማወራው ሌላ ሰው አልነበረኝም።

«ልትመለስ ነው፣ አባባ።»

«ወደዚያው ድርጅት?»

«ወደዚያው።»

«ራሷ ጠይቃ ነው ወይስ ጠርተዋት?»

«መሪው ጠርቷት ነው።» መሪው ያልኩት ወንበር የሚደረድረውን ሰውዬ ነው።

«ግምገማ ይኖራል» አሉ።

«ምን ይኖራል?»

«ሰው ፊት ያቆሟታል። ለምን እንደሄደች፣ ለምን እንደመጣች ትናገራለች። የሚጮህባት ይኖራል። ከሃዲ የሚላትም አይጠፋም።»

ልጄ የነገረችኝ ትዝ አለኝ። ማይክሮፎን ይሰጧታል፤ ሕዝቡም እንዲጮህባት ነው የታሰበው።

«አዎ፤ ይጮሁባታል» አልኩ።

«የተጎዳችው ጓዷስ?»

«እዚያው ናት። ልጄ ግን ከእሷ ጋር አልሆንም ብላለች።»

አባባ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ አዛወሩ። «ስሚኝ እኅቴ። እኔም በወጣትነቴ ከአንድ ቦታ ወጥቼ ተመልሼ ነበር። አለቆቹ ፊት ቆሜ የሚባለውን ሁሉ አልኩ፤ ተቀበሉኝ። የበደልኩት ሰው ግን በሚቀጥለው ቤት ነበር። ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል እሱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ተቀበሉኝ እንጂ አልተመለስኩም። ንገሪያት። በመጀመሪያ የጎዳቻት ልጅ ፊት ትቁም። አለቆቹ ይደርሳሉ።»

ቤት ስገባ ልጄ እግሯን ሶፋ ላይ ሰቅላ ትከሻዋን በበረዶ ይዛለች። ልምምድ ጀምራ ነበር።

«አባባ ምክር ልከውልሻል» አልኳት።

«የአውቶቡሱ አባባ? እማ፣ ስለ ሬስሊንግ ምን ያውቃሉ?»

«ስለ ሬስሊንግ አያውቁም። ስለ መመለስ ያውቃሉ።»

ያሉትን ነገርኳት። በረዶውን አውርዳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ተጣልተን አይደለም እኮ» አለች። «ማንሳቱን ፈርቼ ነው። ፕራክቲስ ላይ ሌላ ሰው ሳነሳ ራሱ እጄ ይንቀጠቀጣል። እሷን ድጋሚ ብጥላትስ? ሁለተኛ ብጥላት፣ ኢትስ ኦቨር እማ፣ አበቃ። ለእሷም ለእኔም።»

እጇን ዘርግታ አየችው፤ ከዚያ ከጭኗ ሥር ከተተችው። ያን ማታ ለተጎዳችው ልጅ ስልክ ደወለች። ክፍሏ ገብታ ስለነበር የተባባሉትን አልሰማሁም። አጭር ነበር።

ዓርብ ዕለት ልጅቷ መጣች። ረዥምና ደንዳና ናት፤ አያቶቿ ከጃማይካ ናቸው፤ እሷ ሃክኒ ተወልዳ ያደገች ናት። በሩን ስከፍት፣ «አንቲ፣ ጫማ ላውልቅ?» አለችኝ። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ የእሷ አነጋገር ግን አንቱታ ነበረው። ጃኬቷን ስትሰቅል ከአንገቷ ሥር የተሰፋበት ምልክት ታየኝ። ዓይኔን መለስኩ።

ልጄ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች።

«ሁለት ዓመት!» አለቻት ልጅቷ። «አንድ ቴክስት የለ፣ ካርድ የለ። አበባ ያመጣልኝ የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ነው። እሱ ስሜን እንኳ በትክክል አይጽፍም።»

«አፍሬ ነው» አለች ልጄ።

«እፍረትሽ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ሾርባ አይሆነኝ። በአንድ እጄ ፀጉሬን ስታጠብ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ሳንድዊች ሳሽግ።»

«ጥሩ አድርገሽ አሽገሻል ወይስ እሱንም ጣልሽው?»

ልጄ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። «ይቅርታ» አለች። ልጅቷ ከወንበሯ ተነሳች።

«በይ ቁሚ። አንሺኝ።»

«እዚህ?»

«እዚህ። አንቲ፣ ጠረጴዛውን ልግፋው?»

ታች ፀጉር ቤት ነው፤ ሰው አለ ብዬ ነበር። ጠረጴዛው ግን ተገፍቶ አበቃ። ልጄ ቆማ አንድ እጇን በልጅቷ ጉልበት፣ አንዱን በትከሻዋ አዞረችና ልታነሳት ሞከረች። እጇ ተንቀጠቀጠ። ለቀቀቻት። እንደገና ሞከረች፤ አሁንም ለቀቀቻት።

እኔ ጎን ቆሜ አያለሁ። አሥራ አንድ ዓመት በአዛውንት መጦሪያ ቤት ሠርቻለሁ። ሰው ማንሳት ሥራዬ ነው። ስንቀጠር መጀመሪያ ያስተማሩን፣ ሳትነግሩ አታንሱ የሚለውን ነው። ሰውነት ሳይነገረው ሲነሳ ይደነግጣል፤ የደነገጠ ሰውነት ይከብዳል፣ ከእጅም ይወጣል። ስለዚህ «አሁን ላነሳዎ ነው» እላለሁ። እሺ እስኪሉኝ እቆማለሁ። አንዳንዱ እሺ እስኪል ብዙ ያቆያል። ከዚያ በስመ አብ ብዬ አነሳለሁ።

«ያን ቀን ነግረሻት ነበር?» አልኳት ልጄን።

«ምኑን?»

«ላነሳሽ ነው ብለሽ።»

አሰበች። «ሰዉ ይጮህ ነበር። ሰዓቱም አልፎብን ነበር። ዝም ብዬ አነሳኋት።»

«እሺ ሳትልሽ።»

«እሺ ሳትለኝ።»

ልጅቷ፣ «ምን እያላችሁ ነው?» አለች። ልጄ ነገረቻት። «ልክ ናት» አለች ልጅቷ። «አንድ እግሬ ገና መሬት ላይ ነበር። እኔም አንድ ቀን ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፤ ስልክሽን ብታነሺ።»

ከዚያ ሁለቱ ስለ ሥራቸው አወሩ። እነሱም ለካ ሲታገሉ አፋቸውን በፀጉራቸው ጋርደው ይነጋገራሉ። ችግሩ የፊት ረድፍ ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ዘወትር የሚመጡ ስለሆኑ የማንሳቱን ምልክት ቃል ለምደውታል፤ ቀድመው ይጮሁበታል። ሌላ ቃል ያስፈልጋል።

«አንቲ፣ እርስዎ ሲያነሱ ምን ይላሉ?» አለችኝ።

«በስመ አብ።»

«ቤስማብ» አለች። ልጄ ትርጉሙን ነገረቻት። «ይሁን። አያቴም ሳሙና ከእጇ ሲወድቅ ጌታን ትጠራለች። እኔስ ምን ልመልስ?»

«አሜን» አልኩ፤ ሳላስበው ነው የወጣኝ።

«እሱን አውቀዋለሁ» አለች።

ወዲያው ደነገጥኩ። ያ ቃል እዚያ ገመድ ውስጥ፣ በዚያ ልብስ ይባላል? ግን መጦሪያ ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ራቁታቸውን ያሉ አዛውንት ሳነሳ እለው የለ? አልከለከልኳቸውም።

ልጄ እጇን አዞረች። «በስመ አብ» አለች። ቆየች። «አሜን» አለች ሌላዋ፤ እግሯ ከመሬት ተነሳ። የልጅቷ ተረከዝ የአምፖሉን መከለያ ነካው። የልጄን እጅ ነበር የማየው፤ አልተንቀጠቀጠም። ቀስ አድርጋ አወረደቻት። ከታች ፀጉር አስተካካዩ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት መታ።

እራት አቀረብኩ። ሽሮና ጎመን ነው። ልጅቷ ሁለቱንም በላችና፣ «አንቲ፣ ዶሮ አይሠሩም?» አለችኝ።

«ጾም ነው።»

«የምን ጾም?»

«የአበባ» አለቻት ልጄ፤ ጽጌን እንዲያ ነው የተረጎመችው።

«አበባ አትበሉም ማለት ነው? እኔም አልበላም» አለች።

ልጄ በማግስቱ ለባለቤቱ ደውላ፣ «ከእሷ ጋር አድርገኝ» አለችው።

ቀኑ ሲደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሄድኩ። ነጠላዬን ካፖርቴ ሥር አደረግሁ። ባለቤቱ በር ላይ አይቶኝ፣ «እናቷ ነዎት፤ አፍንጫችሁ አንድ ነው» ብሎ ሁለተኛ ረድፍ ላይ አስቀመጠኝ። አዳራሹ ፈንዲሻና እርጥብ ካፖርት ይሸታል። ሕፃናትም አሉ፣ ሽማግሌዎችም አሉ። ጎኔ አንዲት ወፍራም ሴት ድንች ጥብስ በከረጢት ይዛ ተቀምጣለች፤ ዘረጋችልኝ፤ አንድ ወሰድኩ።

ልጄ ስትወጣ አዳራሹ ተነሳባት። «ከሃዲ!» ይላሉ። «አጥንት ሰባሪ! ወደ ሳንድዊችሽ!» ይህን ከየት እንደሰሙት አላውቅም። የለበሰችው የድሮውን አረንጓዴ ነው፤ ጎኑን አስፍቼላት ነበር። ማይክሮፎኑን ያዘች። ቤት ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት።

«ናፍቄአችኋለሁ?»

«አልናፈቅሽንም!»

«እናንተም አልናፈቃችሁኝም! ሁለት ዓመት ጆሮዬ አርፎ ነበር!»

ጎኔ ያለችው ሴት ተነስታ ጮኸች። ስትቀመጥ፣ «ክፉ ናት» አለችኝ። «የጓደኛዋን አጥንት ሰብራ ነው የጠፋችው።»

«አውቃለሁ» አልኩ።

«የማን ደጋፊ ነሽ?»

«የሁለቱም።»

«እሱ አይቻልም። አንዷን ምረጪ።»

አልመረጥኩም። ሌላዋ ገባች፤ ሰዉ በጭብጨባ ተቀበላት። ጀመሩ። የሚሆነውን ሁሉ መናገር አልችልም፤ ግማሹን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። መሬቱ ሲመታ ድምፁ እንደ በር ነው። አንዴ ልጄ በፀጉሯ ስትጎተት ተነሳሁ፤ ሴትዮዋ በካፖርቴ ጎትታ አስቀመጠችኝ።

ከዚያ ልጄ አንድ እጇን በልጅቷ ጉልበት፣ አንዱን በትከሻዋ አዞረች። ሰዉ ምን እንደሚመጣ ገባውና ዝም አለ፤ የሁለት ዓመቱን የሚያስታውሱ ብዙ ነበሩ። ልጄ ፊቷን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። አፏን አየሁት። ምን እንዳለች አውቃለሁ።

ቆመች። ከኋላ አንዱ «አንሻት እንጂ!» አለ። ሌላውም ተከተለው። አላነሳችም። እኔ አሁን ይበቃል አልኩ በልቤ፤ አሁንም አላነሳችም። የሌላዋን አፍ አየሁ። ያን ጊዜ ተነሳች፤ ከትከሻዋ በላይ፣ ከገመዱ በላይ፤ ዞረችና በጀርባዋ ወረደች። አዳራሹ ጮኸ።

ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም። ልጄ ላይዋ ላይ ተደፍታ ነበር። የልጅቷን እጅ ነበር በዓይኔ የምፈልገው፤ አገኘሁት። ጣቶቿ የልጄን አንጓ ይዘው ሁለት ጊዜ ጠበቅ አደረጉት። ደህና ነኝ ማለቷ እንደሆነ ልጄ በኋላ ነው የነገረችኝ፤ ግን ያን ጊዜም ገብቶኛል። የእኔም አዛውንቶች ወንበራቸው ላይ ሳስቀምጣቸው እንደዚያ ያደርጋሉ።

ከዚያ ልጅቷ ተነሳች፤ አሸነፈች። የታሰበውም እንዲያ ነበር። ሲያበቃ እጇን ለልጄ ዘረጋች። ልጄ ያዘችው። ከሃዲ ሲሉ የነበሩት ሰዎች ቆመው አጨበጨቡ። ጎኔ ያለችው ሴት በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች።

«እኔ እኮ ሞኝ ነኝ» አለችኝ።

የእኔ ዓይን ደረቅ ነበር። ልጅቷ ከመድረኩ ስትወርድ ትከሻዋ እኩል መሆኑን ነበር የማየው። እኩል ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ቆየች።

«ጠበቅኳት» አለችኝ።

«አየሁ» አልኳት።

በማግስቱ እሑድ እሷ እንደተኛች ትቻት ወጣሁ። አባባ ማቆሚያው ላይ ቀድመውኝ ደርሰዋል። አውቶቡሱ ገና ሳይነሳ፣ «ተቀበሏት?» አሉኝ።

«ተቀበሏት። በመጀመሪያም የጎዳቻት ልጅ ፊት ቆመች፤ እርስዎ እንዳሉት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ቶሎ አልመለሱትም።

«አባባ፣ ያላረምኩት ነገር አለ» አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አዳራሹን፣ ገመዱን፣ ቲኬቱን፣ ሬስሊንግ የሚለውን ቃልም ሳልተረጉም። ሁለት ማቆሚያ አለፈ።

«ገመድ ውስጥ ነው?»

«ገመድ ውስጥ ነው።»

«ሰው ከፍሎ ያያል።»

«አዎ።»

«ሦስት ዓመት ስሟን ከታጋዮች ጋር እየጠራሁ ስጸልይ ነበር እኮ።»

«ደርሷታል፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።»

ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «ማን አሸነፈ?»

«ሌላዋ።»

«ድሮስ፤ ገና መመለሷ ነው» አሉ። ልንወርድ ስንል ደግሞ፣ «ምን ለብሰው ነው የሚታገሉት?» አሉኝ።

«እሱን አይጠይቁኝ» አልኳቸው። አባባ ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ፤ እስከ በሩ ድረስ ከዘራቸውን እየነቀነቁ ሳቁ።

ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ሴቶች በሚቆሙበት በኩል ቆምኩ። ከቦርሳዬ ሥር በወረቀት የጠቀለልኩትን ጧፍ አወጣሁ። ጎብጦ ነበር፤ በመዳፌ አሙቄ አቀናሁትና አበራሁት። ተመስገን አልኩ። መጀመሪያ የዚያችን ልጅ ስም ጠራሁ፤ የክርስትና ስሟን ስለማላውቅ እናቷ ባወጣችላት ጠራኋት። ከዚያ የልጄን።